በወረቀት የተጠቀለለ ቅጣት

በፋብሪካው ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የመታወቂያ ካርዷ ብቻ ነበር። ከበር ጥበቃው ጀምሮ እስከ ዋናው ሥራ አስኪያጅ ድረስ ሰው ሁሉ የሚጠራት «እትዬ ምላስ» እያለ ነው። ስሙ እንደ ቢላዋ በሁለት በኩል የተሳለ ነው። በአንድ በኩል ብስኩትና ከረሜላ እየቀመሰች በምላሷ የምታድር ሴት ናት። በሌላ በኩል ደግሞ የቀመሰችውን ስትናገር ለማንም አትመለስም። አንዴ ከአፏ የወጣ ነገር ሰውየውን እስከ ጡረታው ይከተለዋል። የማሸጊያ ክፍሉን ፎርማን «ያልበሰለ ሊጥ» ያለችው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው፤ ዛሬም ሰውየው «ሊጥ» ነው የሚባለው።

ወደ ቅምሻ ክፍል የገባችው በአጋጣሚ ነበር። ይኸው ሃያ ሦስት ዓመት ሆነው። ያኔ ማሸጊያ ላይ ቆማ ብስኩት በካርቶን ትደረድር ነበር። አንድ ጠዋት ከመስመሩ የወደቀ ስባሪ አንስታ አፏ ውስጥ ጣል አደረገችና «ይሄ ሁለቴ ጨው ገብቶበታል» አለች። አብረዋት የቆሙት ሴቶች ሳቁባት። የቅምሻ ክፍሉ ሽማግሌ ኃላፊ ግን በዚያ ሲያልፍ ሰምቶ ኖሮ፣ አንዱን ገምጦ አጣጣመና ሄዶ ሊጥ አቡኪውን አስጠራው። አቡኪው መጀመሪያ ካደ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ በመጨረሻ ራሱን እያከከ «ረስቼ ይሆናል» አለ። በሳምንቱ እሷ ነጭ ጋዋን ለበሰች።

የቅምሻ ክፍሉ ጠባብና ነጭ ነው። አምስት ወንበር አለ፤ አንዱ የሌላውን ፊት እያየ እንዳይፈርድ በመካከላቸው መከለያ ቆሟል። በየወንበሩ ፊት ለብ ያለ ውሃ፣ ቁራሽ ነጭ ዳቦና መትፊያ ሳህን ይቀመጣል። ሽማግሌው ያወጣው ሕግ ሦስት ብቻ ነበር፦ ሽቶ አትቀቡ፣ ጠዋት ሽንኩርት አትብሉ፣ አለቃ ደስ እንዲለው ብላችሁ አትዋሹ። እትዬ ምላስ ሦስቱንም ስትጠብቅ ኖረች። ሦስተኛውንማ ከሚፈለገው በላይ ነው የጠበቀችው።

ሽማግሌው ጡረታ ሲወጣ በቦታው «የአዲስ ምርቶች ኃላፊ» የሚባል ሰው መጣ። ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ጸጉሩ የተኛለት፣ ሲናገር እጆቹን ፊቱ ላይ ኳስ እንደያዘ የሚያንቀሳቅስ ሰው ነበር። የመጀመሪያ ቀን ወደ ቅምሻ ክፍሉ የገባው ሽቶ አርከፍክፎ ነው። ክፍሉ መስኮት ስለሌለው ሽታው ለሁለት ቀን አልወጣም። ቫኒላው ብስኩት የሱን አንገት አንገት አለ፤ የቸኮሌቱም እንደዚያው። እትዬ ምላስ በአስተያየት መስጫው ላይ «ቅባቱ ጥሩ ነው፤ የአለቃችን አንገት ግን በዝቶበታል» ብላ ጻፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው በፋብሪካው ሁሉ «ሽቶ» ሆኖ ቀረ።

ሽቶ ብስኩት እንደ ብስኩት፣ ከረሜላም እንደ ከረሜላ መጣፈጡ አሳፋሪ ይመስለው ነበር። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ኳሱን በአየር ላይ ይዞ፣

«እኛ ጣዕም አይደለም የምንሸጠው። ገጠመኝ ነው የምንሸጠው» አለ።

«ታዲያ ገጠመኙን በስኳር መጠቅለሉ ለምን አስፈለገ?» አለች እትዬ ምላስ ከኋላ።

ሰው ሳቀ፤ ሽቶም ሳቀ። የሱ ሳቅ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

ከዚያ በኋላ ጉዱ መዝነብ ጀመረ። አይብና ናና የተቀላቀለበት ብስኩት መጣ፤ እትዬ ምላስ «ጥርሱን ፍቆ የመጣ በግ» አለችው። የኪያር ከረሜላ መጣ። እንጆሪ የተነሰነሰበት የዓሣ ጣዕም ቺፕስ መጣ። እሱን ስትቀምስ ተነስታ እጇን ታጥባ ተመለሰችና «ይቅርታ፣ ሬሳ የነካሁ መስሎኝ ነው» አለች። ከሁሉም ከሁሉም «የዝናብ ጣዕም» የተባለ ሰማያዊ ከረሜላ መጣ።

«ዝናብ ምን ምን ይላል?» ብላ ጠየቀችው።

«ትዝታ ይላል፣ እትዬ። ልጅነት ይላል» አላት ሽቶ፣ ዓይኑን ከደን አድርጎ።

አፏ ውስጥ አንዴ አገላበጠችውና ተፋችው። «ቆርቆሮ ነው የሚለው። የዛገ።»

ሌሎቹ አራት ቀማሾች መከለያቸው ውስጥ ተሸሽገው «በጣም ጥሩ» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጉ ነበር። ከመካከላቸው ምላስ ያላት የላብራቶሪዋ ልጅ ብቻ ነበረች፤ እሷም ገና የሙከራ ጊዜዋን ስላልጨረሰች ምላሷን ዋጥ አድርጋ ትኖራለች። እትዬ ምላስ ይህን ሁሉ ታያለች፣ ትንቃለችም። ሽቶን መናቋ ሳያንስ የዘመኑን ሰው ሁሉ ወደ መናቅ ተሻገረች። «ሰው ምላሱን በስልክ ለውጦታል። ፎቶው ካማረ ሳሙናም ይበላል» ትል ነበር።

በመጨረሻ «ነጎድጓድ» መጣ። በጥቁር ወረቀት የተጠቀለለ፣ መብረቅ የተሳለበት ከረሜላ ነው። ውስጡ የሎሚ አሲድ፣ ጨው፣ የሚያቃጥል ቃሪያና አፍንጫ የሚበሳ ናና አለው። የላብራቶሪዋ ልጅ አፏ ውስጥ ባስገባችው በአሥረኛው ሰከንድ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ከወዲያኛው መከለያ አንዱ ሳለ፣ ሌላው ውሃውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠ። ከዚያ ሁሉም እያለቀሱ «በጣም ጥሩ» የሚለው ላይ ምልክት አደረጉ። እትዬ ምላስ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ይህ ከረሜላ አይደለም። በወረቀት የተጠቀለለ ቅጣት ነው። ምን አጥፍተን ነው?»

ሽቶ ከሰዓት በኋላ ቢሮው አስጠራት። ወንበር አቀረበላት፣ ፈገግም አለ።

«እትዬ፣ በጣም ነው የማከብርዎት» አለ።

ይህ ቃል የሚቀድመው ንግግር መጨረሻው እንደማያምር እሷም አላጣችውም።

«ግን ምላስም እንደ ዓይን ነው። ያረጃል። ወጣቱ የሚወደውን እርስዎ ላይቀምሱት ይችላሉ። ስለዚህ ከእንግዲህ እርስዎ በመደበኛው ብስኩት ላይ ቢቆዩልኝ፣ አዲሶቹን ደግሞ ወጣቶቹ ይይዙታል።»

ቢሰድባት ትሰድበው ነበር። እሱ ግን የሳቀው በእርጅናዋ ነበር፣ ያውም በትሕትና። ስትወጣ አንድ ከረጢት ነጎድጓድና ቅጽ አስያዛት፤ ሠራተኛው ሁሉ ለቤተሰቡ እያስቀመሰ አስተያየት እንዲሰበስብ ታዞ ነበር። ከረጢቱን ይዛ ወደ ቤት ስትሄድ አንድ ሐሳብ መጣላትና እርምጃዋ ፈጠነ። በዚህ ዓለም ላይ ከእሷ የበለጠ መናቅ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። እሱም ቤቷ ውስጥ ተቀምጧል።

ይህም ሰው አማቷ ናቸው።

የባሏ እናት ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። በመስኮቱ ሥር ያለችው ሶፋ ላይ ከተቀመጡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ከምራታቸው እጅ በልተው «ይጣፍጣል» ያሉበት ቀን የለም። በተለይ ይህን ያለፈውን አንድ ዓመት አፋቸው ብሶበት ነበር። ሾርባው ውሃ ነው፤ ሩዙ ወረቀት ነው፤ ሻዩ የታጠበ ብርጭቆ ነው። «የቀማሽ ቤት፣ የማይቀመስ ምግብ!» ይላሉ ጎረቤት በመጣ ቁጥር። እትዬ ምላስ ደግሞ በእልህ ጨው ትጨምራለች። እሳቸው «አልጫ ነው» ይላሉ፤ እሷም ትጨምራለች። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ በፊት ለፊቱ ክፍል ማሽኑን አቁሞ ይሰፋል። ከምሳ በኋላ አንድ ማሰሮ ውሃ ጠጥቶ ዝም ብሎ ወደ ማሽኑ ይመለሳል። በሁለት መቀስ መካከል ያለ ጨርቅ መናገር እንደማያዋጣው የገባው ሰው ነው።

ያን ቀን እትዬ ምላስ ገብታ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ አንዱን ነጎድጓድ ፈትታ አቀረበችላቸው። ቅጹና እስክሪብቶው በእጇ ነው። የሚወጣውን ስድብ ቃል በቃል ጽፋ ነገ ሽቶ ጠረጴዛ ላይ ልታኖርለት ነው።

«እማማ፣ አዲስ ከረሜላ ነው። ይቅመሱልኝና የተሰማዎትን ይንገሩኝ።»

አሮጊቷ ከረሜላውን አገላብጠው አዩትና አፋቸው ውስጥ ጨመሩት። እትዬ ምላስ ፊታቸው እስኪጨማደድ ጠበቀች። አልተጨማደደም። ይልቁንም ቅንድባቸው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ሶፋውን በእጃቸው መታ አደረጉና፣

«ወይ ጉድ! ይላል!» አሉ።

«ምን ይላል?»

«ይላል ነው የምልሽ! አፌ ውስጥ አንድ ነገር አለ! እስቲ ሌላ አምጪልኝ።»

«እማማ፣ ያቃጥላልኮ።»

«ያቃጥላ! ይሄን የሠራው እጁ ይባረክ። አንቺም ከሱ ብትማሪ ምን አለበት?»

እትዬ ምላስ እስክሪብቶዋን ጥላ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ንዴቷ ጆሮዋን አጋለው። ሃያ ሦስት ዓመት በሥራ፣ ሃያ አንድ ዓመት በትዳር፤ አሁን መጥተው የሽቶን ቅጣት ይመርቁ! ሆን ብለው ነው አለች በልቧ፤ እኔን ለማሳረር ሲሉ እሳትም ይውጣሉ። እቃ እያንኳኳች ለማጠብ ስትጀምር አሮጊቷ ጠዋት ጀምረው የተዉት የወተት ብርጭቆ እጇ ገባ። ግማሹ ተጠጥቷል። እንደ ልማዷ ወደ አፍንጫዋ ጠጋ አደረገችው።

ወተቱ ተበላሽቷል። ጥቂት የመጎምዘዝ ነገር አይደለም፤ ገምቷል። ይህን ነው እንግዲህ ድሮ ወተት «ድስት ድስት ይላል» ብለው ይመልሱ የነበሩት ሴት ግማሽ ብርጭቆ የጠጡት። ያውም ምንም ሳይሉ።

ብርጭቆውን አስቀምጣ ቆመች። ከሳሎን የሦስተኛው ከረሜላ ወረቀት ሲፈታ ይሰማታል። የላብራቶሪዋን ልጅ ያስለቀሰ ነገር አሮጊቷን አንዴ እንኳ አላሳላቸውም። እትዬ ምላስ የሰውን ሁሉ ምላስ ስትንቅ ኖራ በገዛ ቤቷ ያለውን አንድ ጊዜ እንኳ አላየችውም ነበር።

አምስት ብርጭቆ ደረደረች። በአንዱ ስኳር፣ በአንዱ ጨው፣ በአንዱ ሎሚ በጠበጠች፤ በአንዱ የመረረ ቀዝቃዛ ሻይ ቀዳች፣ አምስተኛውን ንጹሕ ውሃ ተወችው። ይዛ መጥታ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«እማማ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ። የሥራ ነገር ነው።»

ከእያንዳንዱ በማንኪያ ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ለስኳሩ «ውሃ» አሉ። ለጨውም «ውሃ»። ለሻዩ ትንሽ አሰቡና «ውሃ»። ሎሚው ላይ ብቻ «እንዲህ ቆንጠጥ የሚያደርግ ውሃ» አሉ። ዓይናቸውን ሲገልጡ ምራታቸው ማንኪያውን እንደያዘች ፈዛ ቀርታለች።

«አወቅሽው» አሉ አሮጊቷ።

«እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«ዓመት አለፈው። አንድ ቀን ተነሳሁ፣ ሁሉም ነገር ጭቃ ሆኖ ጠበቀኝ።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩኝም?»

«ለማን? ላንቺ?» አሮጊቷ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ምላስሽ ሥራሽ ነው። ቤት ውስጥ እየዞርሽ ይሄን ቀመስኩ፣ ያንን ሻርኩ ትያለሽ። እኔ ምላሴ ሞተ ብዬ አንቺ ፊት ልዋረድ? ሃያ ዓመት ሙሉ ቀምሼ ነው የሰደብኩሽ፤ ለሱ አልጸጸትም። ይሄን አንድ ዓመት ግን ሳልቀምስ ነው የሰደብኩሽ። ለሱ ይቅር በይኝ።»

እትዬ ምላስ መሳቅም ማልቀስም አማራትና አንዱንም ሳታደርገው ቀረች። ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወጥ ቤት ገባች። እዚያ ግን የሽቶ ነገር መጣባት፦ ምላስም ያረጃል። ባሏን ጠራችው።

«ና፣ ዓይኔን ልጨፍን፤ አንተ አጉርሰኝ። የቱ እንደሆነ እንዳትነግረኝ።»

ልብስ ሰፊው መርፌ የተሰካበት ደረቱን ይዞ መጣና አጎረሳት። ጨውን አወቀች፣ ስኳርን አወቀች፣ ሎሚንም። ከዚያ፣

«ይሄ ንጹሑ ውሃ ነው» አለች።

ዓይኗን ስትገልጥ ማንኪያው ውስጥ ያለው ሻዩ ነበር። ጨምራ ቀዳችና አፏን ሞልታ ጠጣችው። ከሩቅ፣ ከበር ውጪ ሆኖ እንደሚያንኳኳ ሰው፣ ትንሽ ምሬት መጣ።

«መራራ ጠፋሽ? አንቺ?» አለ ባሏ፣ ሊያጽናናት ፈልጎ። «ከንግግርሽ ሳይጠፋ!»

ማንኪያውን ቀምታው ወደ ማሽኑ አባረረችው።

በዚያው ሳምንት አማቷን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ የሚውጡትን ኪኒን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አስፈትቶ አየ። ዕድሜም ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒትም ሊሆን ይችላል አለና አንዱን ቀየረው። ተስፋ አልሰጠም፣ አልነሳምም። ስድስት ሳምንት አካባቢ ሲሆን አሮጊቷ ሾርባውን ቀምሰው ማንኪያቸውን ሳህኑ ላይ ጣሉት።

«ምነው፣ ልትገይኝ ነው? ይሄ ሁሉ ጨው የማን ነው?»

ልብስ ሰፊው ሳቁን መያዝ አቅቶት ከገበታው ተነስቶ ወጣ። እትዬ ምላስ ግን ሾርባውን አንስታ ወሰደችውና አዲስ ሠራች። ጣዕሙ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰላቸውም። ጨዉ መጣ፣ ስኳሩ በግማሽ መጣ፤ የቀረው እንደ ወጣ ቀረ።

ቅጹንስ? መዋሸት ስለማትችል ያየችውን ጽፋ ሰጠች፦ «የሰባ ስምንት ዓመት ሴት፣ ምላሳቸው የደከመ፣ በጣም ወደዱት። ምላስ ያለው ሰው ግን አይወደውም።» ሽቶ በስብሰባ ላይ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ፣ እሱንም «ምላሳቸው የደከመ» የሚለውን ዘልሎ አነበበው። ሰው አጨበጨበ። በወሩ ነጎድጓድ በየመደብሩ ደጃፍ ላይ «ከልጅ እስከ አያት!» ተብሎ ተለጠፈ። እውነትም ተሸጠ። ወጣቱ እርስ በርሱ እየተፈታተነ፣ ሲያለቅስ እየተቀረጸ ገዛው። አንዴ ያለቀሰ ሰው ግን ሁለተኛ ለማልቀስ አይገዛም። ወቅቱ ሳይለወጥ ካርቶኑ እንደተደረደረ ወደ መጋዘኑ ተመለሰ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይሄ ነው። ሽቶ ግን በዚያን ጊዜ ሌላ ፋብሪካ ውስጥ ከፍ ያለ ሹመት አግኝቶ ሄዷል። እንዲህ ያለ ሰው ሁልጊዜ ቤቱ ከማፍሰሱ በፊት ይወጣል፤ የሚረጥበው የቀረው ሰው ነው።

ዋናው ሥራ አስኪያጅ እትዬ ምላስን አስጠርቶ ወደ አዲሶቹ ምርቶች እንድትመለስ ጠየቃት። ሠራተኛው ሁሉ እንደ ድል ነበር ያየው። እሷ ግን ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ፣

«እመለሳለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። መራራ ከምላሴ እየወጣ ነው። ያረረ ስኳር ሊያልፈኝ ይችላል» አለችው።

ሥራ አስኪያጁ ያልጠበቀው ነገር ነበርና ብዕሩን አስቀመጠ። «ይሄንን ማን ያውቃል?»

«እርስዎ፣ እኔ፣ ባሌ። ነገ ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ያውቀዋል፤ እኔው ነኝ የምነግራቸው። የላብራቶሪዋን ልጅ ቋሚ አድርገው አጠገቤ ያስቀምጡልኝ። እሷ ምላስ አላት፤ ድፍረት ነው ያጣችው።»

እንዳለችውም ሆነ። መጀመሪያ አካባቢ ልጅቷ አሁንም የእሷን ፊት እያየች ነበር የምትጽፈው። አንድ ሰኞ ጠዋት የካራሜል ብስኩት ቀረበ። እትዬ ምላስ አጣጣመችና «ደህና ነው» ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አነሳች። ልጅቷ በመከለያው ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«እትዬ፣ ይሄ አሯል» አለች።

እትዬ ምላስ እንደገና ገመጠች። አልታወቃትም። ብስኩቱን ገለበጠችው፤ ከሥሩም ምንም አይታይም።

«እርግጠኛ ነሽ?»

ልጅቷ ተርበተበተች፤ ወዲያው ግን አገጯን ቀና አደረገች። «አሯል። እንዲያውም ክፉኛ ነው ያረረው። እንዲህ ያለ ነገር አቅርቦ ቅመሱልኝ የሚል ሰው ሊያፍር ይገባዋል።»

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለች እትዬ ምላስ፣ ፊቷ በርቶ። ወረቀቷን ስባ «አሯል» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም የልጅቷን ስም። ከዚያ ምድጃው ላይ የቆመውን ሰው አስጠሩትና ገና በሩን ሳይዘጋ ሁለቱም ባንድ አፍ ይወርፉት ጀመር።